አራሷ ተሳፋሪ

«ኧረ የልጁ እርግብግቢት አይመታም!»

ከኋላዬ የተቀመጡት እትዬ የሺ እንዲህ ብለው ሲጮኹ ነው አደጋ ላይ መውደቄ የገባኝ። እጃቸው ጀርባዬ ላይ ነው። ሰዓቱ ቀትር፣ ወሩ ግንቦት፣ መንገዱ ከዱርቤቴ ወደ ቁንዝላ የሚወስደው አቧራ፣ መኪናው ደግሞ አጥንትን ከሥጋ የሚለይ ቅጥቅጥ። መስኮቱ አንድ ሳይቀር ዝግ ነው። ከጎኔ አንድ ሰውዬ የያዘው ዶሮ እንኳን አፉን ከፍቶ ያለከልካል።

«ጫን አደረግሁት፣ ወደ ውስጥ ገባ! እናንተ ሰዎች፣ የልጁ ራስ እየሟሟ ነው!»

አውቶቡስ ሙሉ ሰው ብድግ አለ። እኔ ብቻ አልተነሣሁም። ጭኔ ላይ የሾፌሩ የጎማ መፍቻ ተጋድሞ ነበርና ብነሣ እግሬ ላይ ነው የሚወድቅ።

አሁን እናንተም «ይች ምን ዓይነት እናት ናት» ልትሉኝ ነው። ቆዩኝማ። ልጅ የለም። ጀርባዬ ላይ ያለው ቅቤ ነው። ቅቤ እንዴት ልጅ እንደሚሆን፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ እንዴት አራስ እንደሆንሁ የምነግራችሁ ሳላፍር ነው፤ ምክንያቱም መጨረሻው የሚያኮራ ነው።

እኔ ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር ነው የምኖር። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፤ ይኼንንም የምጽፈው ምስር እንደምለቅመው ፊደሉን አንድ አንድ እየለቀምሁ ነው። እኔ ሦስተኛ ክፍል ላይ የጣልሁትን ደብተር ግን የበኩር ልጄ፣ ሙሉ የምትባለው፣ አንሥታ ዲግሪ ድረስ አደረሰችው። አሁን ደልጊ መምህርት ናት። ደልጊ ማለት ባሕር ዳር ሆናችሁ ጣናን ስትመለከቱ ከወዲያ ማዶ፣ ዓይን የማይደርስበት ዳር ላይ ነው። በውኃው ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ወፍ ቶሎ ይደርሳል። ሰው ግን ሐይቁን በጀርባው በኩል፣ በቆላው ጠርዝ መዞር አለበት። ከደልጊ አልፎ ያለው አገር ደግሞ ቆላ ነው፣ ቆላው ሲያልቅ ጠረፍ ነው፣ ጠረፉ ሲያልቅ ሱዳን ነው። የሙሉ ባል መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ እዚያው ጠረፉ አካባቢ ነው የሚውል የሚያድር።

ሙሉ ፀነሰች። በኛ አገር ደንብ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለድ በእናት ቤት ነው። እኔም ቤቱን ቀብቼ፣ አልጋውን አዙሬ ጠበቅሁ። ሐኪሞቹ «በዚህ መንገድ በመኪና አትሄድም፣ መንገድ ላይ ትወልዳለች» አሉ። እኔም ደንቡ ወደ እኔ ካልመጣ እኔ ወደ ደንቡ እሄዳለሁ አልሁ።

«እሑድ አብረን እንሄዳለን» አለኝ የሙሉ አባት። ፋብሪካ ነው የሚሠራ፣ ፈረቃ አለበት።

«ምጥ ፈረቃ ያውቃል?»

«አያውቅም። አንቺ ደግሞ መንገድ አታውቂም። ብቻሽን የዓባይን ድልድይ ተሻግረሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። እውነቱን ነው። እኔ ባጃጅ ስሳፈር እንኳን አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ፣ አጠገቤ ያለውን ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ ነው። ሰውነቴ እናት ነው፣ ልቤ ግን የድመት ግልገል ነው። ቢሆንም ሙሉ ስልክ በደወለች ቁጥር «እማዬ፣ ትደርሽልኛለሽ አይደል?» ትለኝ ነበር። የተማረ ሰው እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዲግሪ ያላት ልጅ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ቆማ የምታስተምር ልጅ፣ ድምጿ እንደ ሕፃን ሲያንስ ሰማሁት። ያን ቀን ወሰንሁ።

ያበረታኝ የሙሉ ታናሽ ወንድም ነው። ኮሌጅ ነው የሚማር፣ ሲተኛም ስልኩን አይለቅም። ስልኩን አመጣና አሳየኝ። ደቡብ አሜሪካ የሚባል አገር ነው አለኝ። ነጫጭ ቆነጃጅት ገደል አፋፍ ላይ በተንጠለጠለ መንገድ፣ ከአንዱ ጠረፍ ወደ ሌላው ጠረፍ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። ሁሉም ቤታቸውን እንደ ዔሊ ጀርባቸው ላይ ተሸክመዋል።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«የትም አይሄዱም እማ፣ ይዞራሉ።»

«ማን ሞቶባቸው ነው?»

«ማንም አልሞተባቸውም።»

«ታዲያ እናታቸው ዝም ትላለች?»

«እማ፣ እነዚህ በማያውቁት አገር፣ ቋንቋውን ሳይሰሙ ይሄዳሉ። አንቺ አማርኛ እየተናገርሽ ደልጊ ይከብድሻል?»

ይኼ ነገር ልቤን ነካኝ። በዕድሜ ልጆቼ የሚሆኑ፣ ቀሚሳቸው ከጉልበታቸው በላይ የቀረ ሕፃናት ያለ ጉዳይ ገደል ለገደል ሲዞሩ፣ እኔ ልጄ ልትወልድ እየጠራችኝ ቁጭ? ልጁም የጀርባ ቦርሳውን አራግፎ ሰጠኝ። ያው የልባሽ ነው፣ ግን ጠንካራ ነው።

ከታች የገንፎ ዱቄት ሞላሁ፤ ገብሱን ራሴ ፈትጌ፣ ራሴ ቆልቼ ያስፈጨሁት። ከዱቄቱ በላይ የሕፃን ልብስና መጠቅለያ። ከሁሉ በላይ ቅቤው። ለጋ ቅቤ ነው፣ ግማሹ ለገንፎዋ፣ ግማሹ ለአናቷ። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን ራስ ድቡልቡል ብሏል። ቦታ ስላጣሁለት ለሕፃኑ የገዛሁትን የሹራብ ቆብ ቅቤው ላይ አጠለቅሁለት። በዚያች ሰዓት ነገሩ ክፋት አልነበረውም።

ክፋቱ የመጣ ጎረቤቴ መክራኝ ነው። «መናኸሪያ ሌባ አለ። ከኋላሽ ሆኖ ቦርሳውን በምላጭ ይቀደዋል፣ አንቺ ባዶውን ተሸክመሽ ትሄጃለሽ» አለችኝ። ሌሊቱን ሳስብ አደርሁ። ሲነጋጋ መላው መጣልኝ። የቦርሳ ሌባ አለ፤ ከእናቱ ጀርባ ላይ ልጅ የሚሰርቅ ሌባ ግን አልተወለደም! ቦርሳውን አንግቤ፣ በላዩ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ልክ ሙሉን አዝላት እንደነበረው አድርጌ ደረቴ ላይ ቋጠርሁት። ቆቡ ብቻ ከላይ ብቅ ብሏል። በመስተዋት አየሁት። እውነት ለመናገር፣ እሹሩሩ ልለው ምንም አልቀረኝ። በብልሃቴ በጣም ኮራሁ። ሦስተኛ ክፍል ባልቀር የት እደርስ ነበር ብዬ አሰብሁ።

መናኸሪያ ሌባ አልደረሰብኝም። ችግሩ ደጎቹ ናቸው። ሰልፉ ረጅም ነበረ፤ አንዱ ዞር ብሎ አየኝና «ልጅ ያዘለች አለች፣ አሳልፏት!» አለ። ልናገር አፌን ከፈትሁ። አፌን ሳልዘጋ ተገፋፍቼ አውቶቡሱ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ ወፍራምና ቁጡ፣ ረዳቱም የእሱ እኩያ ጢማም ሰው ነው። ረዳቱ ሲያየኝ ድምፁን ለወጠ፦ «ቀስ ብለሽ እናቴ፣ ልጁ እንዳይጋጭ።»

ወንበሩ ሞልቷል። ፊት ለፊት ከተቀመጡት አንዱ፣ ጥምጣማቸው እንደ በረዶ የነጣ መሪጌታ፣ ከአንዱ የደሴት ገዳም ለጉዳይ ወጥተው የሚመለሱ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡልኝ። አንድ እግራቸውን ያነክሳሉ።

«ኧረ የኔታ፣ አይሆንም! ይቀመጡ!»

«ተቀመጪ ልጄ። ለእናት መነሣት ለእመቤታችን መነሣት ነው» አሉኝ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ለዚህ ምን ይባላል? «አይ የኔታ፣ የተነሡት ለቅቤ ነው» ይባላል? እኔ ፈሪ ነኝ ብያችኋለሁ። ተቀመጥሁ። ዱርቤቴ ስንደርስ የሚወርድ ሰው አይጠፋም፣ እሳቸውም ቦታ ያገኛሉ አልሁ በልቤ። ዱርቤቴ አንድ ሰው ወረደ፣ ሦስት ሰው ገባ።

ከኋላዬ የተቀመጡት እትዬ የሺ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፣ ቁንዝላ ወራጅ። አፋቸው እንደ ወፍጮ ነው፤ ጥሬ ባይጨምሩበትም ይዞራል። ገና ከባሕር ዳር ሳንርቅ ቆቡን መደባበስ ጀመሩ።

«ወይ ራሱ ድቡልቡል ማለቱ! ስንት ወሩ ነው?»

«አይ... ገና ነው» አልሁ።

«ስሙን ማን አላችሁት?»

«ስም አልወጣለትም።»

«ክርስትናስ?»

«አልተነሣም።»

ውሸት የለበትም። ሁሉም እውነት ነው። የሚወለደው የልጅ ልጄ ገና ነው፣ ስምም የለው፣ ክርስትናም አልተነሣ። ለእግዚአብሔር የምመልሰው መልስ ነው ብዬ ልቤን አጽናናሁ። እትዬ የሺ ግን ወፍጯቸውን አቆሙ። ካቆሙ ደግሞ መጥፎ ነው።

«ክርስትና ካልተነሣማ አርባ ቀን አልሞላውም!»

ነጠላዬን አጠበቅሁ።

«አንቺ ሴት፣ አራስ ነሽ ማለት ነው? በዚህ ዕድሜሽ?»

አውቶቡሱ በሙሉ አንገቱን አዞረ። ሾፌሩ እንኳን በመስተዋቱ አየኝ። ሽበቴን የሸፈንሁበትን ሻሽ ወደ ግንባሬ ሳብሁት። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ግን መሪጌታው ቀድመው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ምን ይገርማል? ለሣራ በስተርጅና ይስሐቅን የሰጠ አምላክ ለዚች እናት ያንሰዋል? እልል በሉ እንጂ!»

እልል ተባለ። አንዷ እንዲያውም እንባዋ መጣ። እልል ተብሎልኝ ካለቀ በኋላ ቅቤ ነው ማለት ሰርግ ቤት ገብቶ ሙሽራዋ ጠፋች ብሎ እንደመናገር ነው። ዝም አልሁ። ዝም ያለ ሰው ጨዋ ይባላል፤ እኔም ጨዋ ሆኜ እየሰመጥሁ ሄድሁ።

አራስ መሆን በኛ አገር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አራስን ነፋስ ከመታት አለቀላት። እትዬ የሺ ትእዛዝ ሰጡ፦ «መስኮት ዝጉ! በዚያ በኩልም! አንተ ባለዶሮ፣ ዝጋ!» ባለዶሮው «ይሞቃል እኮ እትዬ» ቢል «አንተ እናት አልወለደችህም?» ብለው አሳፈሩት። መስኮቱ ከፊት እስከ ኋላ ተዘጋ። ቀዳዳ የነበረበት እንኳን በጋዜጣ ተወተፈ።

ቀጥለው ደግሞ «ብረት ይዘሻል?» አሉኝ። አራስ ያለ ብረት ከቤት አትወጣም፤ ክፉ መንፈስ ያገኛታል። አልያዝሁም። «ወይኔ! ባዶዋን ነው የወጣችው!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ረዳቱ ከወንበር ሥር ክንዴን የሚያህል የጎማ መፍቻ አውጥቶ፣ በጨርቁ ጠርጎ፣ ጭኔ ላይ አጋደመልኝ። «በዚህማ እንኳን ጋኔን ትራፊክም አይቀርብሽ» አለኝ።

እንግዲህ አስቡት። ግንቦት ነው። መኪናው እንደ ምድጃ ነዷል። ሰው ሁሉ ላቡን እየጠረገ «ለአራስ ሲባል» እያለ ይታገሣል። መሪጌታው በአንድ እግራቸው ቆመው ይወዛወዛሉ። እኔ መሐል ላይ እንደ ንግሥት ብረት ይዤ ተቀምጫለሁ። ለእኔ ሲሉ የተቀቀሉት እነዚህ ሰዎች አንዳቸውም አያውቁኝም። አፍሬ መሬት ልገባ ደርሻለሁ፤ ግን ደግሞ፣ አትሳቁብኝና፣ ደስ ብሎኛል። ሙሉን ስወልድ እንኳን እንዲህ የታረስሁ አይመስለኝም።

ቅቤው ግን ደስ አላለውም።

መጀመሪያ ወገቤን ሞቅ አደረገኝ። ላብ ነው አልሁ። ከዚያ ወገቤ ላይ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። አንዷ አየችና «ልጁ ሸንቶብሻል እቴ» አለችኝ። «ይሁን፣ ይሽና» አልሁ። ከዚያ ነው እንግዲህ እትዬ የሺ ሊያባብሉት ብለው ቆቡን ሲደባብሱ ጣታቸው የሰመጠ።

«ኧረ የልጁ እርግብግቢት አይመታም!»

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። መኪናው በአቧራው ላይ ተንሸራቶ ቆመ። «አውርዷት! አየር ስጡት!» ይላል አንዱ። «ነፋስ እንዳያገኛት!» ይላል ሌላው። «ውኃ!» «ጠበል ያለው!» መሪጌታው መስቀል አውጥተው «በስመ አብ» ብለው ጀመሩ። ሴቶቹ ደረታቸውን መድቃት ጀምረዋል። አንድ ለቅሶ ለመጀመር አየር የሳበች ሴት አየሁ። እሷ ያን አየር ብታወጣው ቅቤው በደንብ ሊለቀስለት ነው።

«አልሞተም!» አልሁ ጮኼ። «አልተወለደም!»

ይኼ ነገሩን አላሻሻለውም።

ቋጠሮውን ፈታሁት። ነጠላው ወረደ። እትዬ የሺ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ አንዱን ገለጥ አድርገው አዩ። ቆቡን በሁለት ጣታቸው አንሥተው፣ አሸተቱ።

«ቅቤ!»

እንዲህ ያለ ጸጥታ በገዳምም የለ። ዶሮው ብቻ ነው የተናገረ።

«ምንድን ነው?» አለ ሾፌሩ ከፊት።

«ቅቤ ነው» አለ ረዳቱ። «ቆብ ያጠለቀ ቅቤ።»

ሾፌሩ ወንበሩን ለቅቆ መጣ። ፊቱ በላብ ተነክሯል። «እናቴ፣ ይኼን ሁሉ ሕዝብ በቀትር ፀሐይ መስኮት አስዘግተሽ የቀቀልሽው ለቅቤ ነው?»

«መስኮቱን ዝጉ ያልሁ እኔ አይደለሁም...»

«መፍቻዬን አምጪ!»

ሰጠሁት። ያች ብረት ከእጄ ስትወጣ በእርግጥም ጋኔኑ ሁሉ የሰፈረብኝ መሰለኝ። «ሌባ ናት!» አለ አንዱ ከኋላ። «አረቄ ትሆናለች ደግሞ ከሥሩ፣ ይፈተሽ!» አለ ሌላው። ባለዶሮው በላብ ተጠምቆ «ትውረድ! እዚሁ ትውረድ!» ይላል። በመስኮቱ ስመለከት ቤት የለ፣ ሰው የለ፣ ከብት እንኳን የለ፤ የቆላው ቁጥቋጦና ወዲያ ዳር እንደ ጠፋ ሳንቲም የምታብለጨልጭ የጣና ውኃ ብቻ። እዚህ ከወረድሁ ደልጊ ዛሬም አልደርስ፣ ነገም አልደርስ።

የፈሪ ሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ፍርሃቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣውን አያውቀውም። ተነሣሁ። ቅቤው እስከ ተረከዜ እየወረደ፣ ፊት ለፊታቸው ቆምሁ።

«ወንድሞቼ፣ አጥፍቻለሁ። ልጄ ደልጊ መምህርት ናት፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ቀኗ ደርሷል፣ ባሏ ጠረፍ ነው፣ አጠገቧ ማንም የላት። ይኼ የገንፎዋ ዱቄት ነው፣ ይኼ ቅቤዋ ነው፣ ልጅ አስመስዬ ያዘልሁት ሌባ ፈርቼ ነው። የኔታ ሲነሡልኝ አፌ ተያዘ። ውረጂ ካላችሁ እወርዳለሁ። በእግሬም ቢሆን ግን ደልጊ እገባለሁ!»

እንዲህ የተናገርሁ እኔ ነኝ። ባጃጅ ላይ አቡነ ዘበሰማያት የምደግመው እኔ።

ወዲያው ደረቴ ውስጥ የወሸቅሁት ስልክ ጮኸ። የሙሉ ቤት አከራይ ናቸው። ጆሮዬ በደንብ ስለማይሰማ ስልኬ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚናገር፤ አውቶቡሱ በሙሉ ሰማ።

«የሙሉ እናት ነዎት? ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያ አግብተናታል። እናቴ የት ደረሰች ትላለች። የት ደረሱ?»

እንጃ። የት እንደደረስሁ አላውቅም። «መንገድ ላይ ነኝ» አልሁ።

መሪጌታው መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ስሙ እንጂ! እኔ ከወንበሬ የተነሣሁት ለእናትና ለልጅ ነው። እናቲቱ ይችው አለች። ልጁም አለ፤ ደልጊ ይጠብቀናል። ምን ጎደለብን? ሾፌር፣ ንዳ!»

«ንዳ!» አሉ እትዬ የሺ። «ምን አፍጠህ ታየኛለህ? ምጥ የያዛት ልጅ እየጠበቀችን ነው!» እኔን እንደ ሌባ ሊያወርዱኝ የነበሩት ሰዎች አሁን ሾፌሩን ሊያወርዱት ሆነ። ሾፌሩ መፍቻውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ሄዶ መሪውን ያዘ። ረዳቱ «መስኮት ክፈቱ፣ የቀረው ቅቤ ይትረፍ!» ብሎ አዘዘ። የተዘጋው ሁሉ ተከፈተ። ነፋሱ ሲገባ ባለዶሮው «ተመስገን» ብሎ አለቀሰ ልበል።

ቁንዝላ ምሳ ነው። እንግዲህ የአውቶቡስ ምሳ ምን እንደሆነ የተሳፈረ ያውቀዋል፤ ሾፌር ለዝናብ አይቆም፣ ለጎርፍ አይቆም፣ ለምሳ ግን ይቆማል። ያን ቀን ሾፌራችን ምግብ ቤቱን እያየ አለፈው። ምግብ ቤት ያሉት ሰዎች ፍሬን የተበጠሰበት መስሏቸው ተሯሯጡ። አንድ ስኳር ያለባቸው ሰውዬ ብቻ «እኔ ካልበላሁ እወድቃለሁ» ብለው ተቆጡ፤ በአምስት አቅጣጫ ዳቦ፣ ቆሎና ሙዝ ተወረወረላቸው፣ እስከ ደልጊ ሲያኝኩ ነው የሄዱት። እትዬ የሺ ቁንዝላ መውረድ ነበረባቸው። ረዳቱ በሩን ቢከፍት «ዝጋው!» አሉት። «ምጥ ጥሎ መውረድ የት አገር ነው ያየኸው? በርበሬው ይቆየኛል።» ወርደው የተመለሱት ከሐይቁ ዳር ባልዲ ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ ለማምጣት ብቻ ነው። የተረፈውን ቅቤ በፌስታል ቋጥረው እዚያ ነከሩት፣ ባልዲውንም እግራቸው መሐል ይዘው ተቀመጡ።

ከቁንዝላ ወዲያ ያለውን መንገድ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ልጄ በስልክ ያሳየኝ ያ የደቡብ አሜሪካ ገደል ከዚህ ጋር ሲተያይ አስፋልት ነው። ጉድጓዱ ሲያነሣን ራሳችን ጣራ ይነካል፣ ሲያወርደን ጥርሳችን ይጋጫል። አንዴ ከብት መንገድ ዘጋ፤ ረዳቱ ወርዶ እረኛውን «ሰው እየወለደ ነው!» ሲለው እረኛው መኪናው ውስጥ መስሎት በድንጋጤ በሬዎቹን ትቶ እየሮጠ ውኃ ይዞ መጣ። አንዴ ደግሞ ዳገት ላይ ሞተሩ ተነፈሰ። ወንዶች ወርደው ገፉ። እኔም ወርጄ ገፋሁ። «አንቺ አራስ ነሽ፣ ተይ» አለኝ ሾፌሩ። ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የምስቅ መሆኔ ራሴን ገረመኝ።

ስንሳፈር እትዬ የሺ «ማርያም፣ ማርያም» ማለት ጀመሩ። በኛ አገር ሴት ስታምጥ ጎረቤት ተሰብስቦ እንዲህ ይላል፤ ምጡ እስኪያልፍ አይቋረጥም። ሙሉ ጎረቤት የላትም። አገሯ አይደለም። እናም ጎረቤቷ በሩቅ፣ በአውቶቡስ ውስጥ ተሰበሰበላት። ሴቶቹ ተከተሉ። ወንዶቹ አፈሩ፤ ከዚያ ባለዶሮው ጀመረ፣ ወንዶቹም ገቡ። ሾፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር «ማርያም!» ይላል። መሪጌታው ቆመው፣ አዎ፣ አሁንም ቆመው፣ ብለምናቸው አልቀመጥ ብለው፣ የእመቤታችንን ውዳሴ በግእዝ ያንቆረቁራሉ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የልጄን ስም እጠራለሁ። በማያውቋት በእነዚህ ሁሉ አፎች ለልጄ ሲለመንላት ስሰማ፣ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ «ማርያም» አልሁ።

ደልጊ ገባን። ሾፌሩ መናኸሪያውን አልፎ በቀጥታ ጤና ጣቢያው በር ላይ ጥሩንባውን እየነፋ ቆመ። ዘበኛው አቧራ የለበሰ አውቶቡስ፣ ላብና ቅቤ የጠጣ ሕዝብ፣ መስቀል የያዙ መሪጌታ ሲያይ አደጋ የደረሰ መስሎት በሩን ከፍቶ ሮጠ። ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው መጡ።

«ስንት ሰው ተጎዳ?»

«አንድም አልተጎዳም» አለ ረዳቱ። «አንዲት አያት ነው ያመጣን።»

«ይኼ ሁሉ ሰው?»

«ዘመድ ነን» አሉ እትዬ የሺ፣ ባልዲውን ከፍ አድርገው።

አዋላጇ እኔን ብቻ አስገባችኝ። ኮሪደሩ ላይ ተንሸራተትሁ፤ ጫማዬ ውስጥ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሙሉ አልጋው ላይ ናት። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ከንፈሯ ደርቋል። እኔን ስታይ ዓይኗ ትልቅ ሆነ።

«እማዬ?»

«አለሁ።»

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ።»

«እሱን ተይው፤ እጄን ያዥ።»

ያዘችው። አጥብቃ ያዘችው፤ ቅቤ ስለነበረበት ደጋግሞ ይሾልካል፣ ደጋግማ ትይዘዋለች። ከውጭ፣ በመስኮቱ በኩል፣ የአውቶቡሱ ሕዝብ «ማርያም፣ ማርያም» ይላል። አዋላጇ መጀመሪያ ልትቆጣ ነበር፤ ኋላ እሷም ስትሠራ ከንፈሯ አብሮ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ሙሉ ጥርሷን ነክሳ፣ አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣት፣ እንደ ጀግና ታገለች። በልቤ ይችን እኔ ነኝ የወለድኋት አልሁ። ፀሐይዋ ወደ ቆላው ስታዘቀዝቅ የልጅ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሴት ናት።

ብቅ ብዬ ነገርኋቸው። እልልታው ደልጊን አናወጣት። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ፣ ረዳቱ ባለዶሮውን አቅፎ ዘለለ፣ መሪጌታው ደንጊያ ላይ ቁጭ ብለው፣ እፎይ ብለው፣ እግራቸውን ዘረጉ። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው። «ምን አድርገሽኝ?» አሉኝ። «ቆሜ ማስቀደስ የለመድሁ ሰው ነኝ። ይች ደግሞ ረዘም ያለች ቅዳሴ ነበረች።»

ሲመሻሽ የሙሉ አባት ደወለ። ከፈረቃ ገብቶ ቤቱን ባዶ ሲያገኘው ጊዜ ድምፁ ተለውጧል።

«የት ነሽ?»

«ደልጊ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን ተነሣሁ፣ ከብዙ ሰው ጋር ደረስሁ።»

ሙሉ ተኝታለች። ልጅቷ ክንዷ ላይ ናት፣ ጡጫዋን ጨብጣለች። በመስኮቱ የጣና ውኃ ከዚህኛው ዳር ይታያል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከወዲያ ሆኜ ሳየው የኖርሁት ውኃ ነው። ማዶው ይኼ ነው፤ አሁን እኔ ማዶ ነኝ።

«ሙሉስ?» አለኝ።

«በሰላም ተገላግላለች። ሴት ልጅ ናት፤ ደህና ናት።»

«አንቺስ?»

«እኔም ደርሻለሁ» አልሁት። «ደህና ነኝ።»